የጠጪ እጅ አውቃለሁ ያልኩ ዕለት

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፌርፋክስ፣ የአበሻ ሱቆች ያሉበት መንገድ ላይ የሚሰበሰቡ ልጆች አሉ። አብዛኞቹ አሁን በየሰው ቤቱ ሽማግሌና ሕመምተኛ የሚጠብቁ ኬርጊቨር ሆነው የገቡ ናቸው። «እማማ አስካለ፣ አንቺ ስንት ዓመት ሠርተሽ ጡረታ ወጣሽ፣ እኛ ገና ጀማሪ ነን፣ እስቲ ንገሪን» አሉኝ። አንቺ ነው የሚሉኝ። እዚህ አገር አንቱ ማለት ከእኛ ከአሮጊቶቹ ጋር አብሮ ጡረታ ወጥቷል። እሺ ብዬ በአፌ ስጀምርላቸው አንዷ ስልኳ ይጮኻል፣ አንዷ መኪናዋን ፓርክ ያደረገችበት ሰዓት ያልቅባታል፣ እኔም የት እንዳቆምኩ ይጠፋኛል። ሶ፣ በወረቀት ይሁን ብዬ ቁጭ አልኩ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ያውም ልጅ አዝዬ። የተጣመመ ካለ እያቃናችሁ አንብቡ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። የእኔን የሥራ ዘመን ስትጠብቁ የሌላ ሴት ታሪክ ሊመስላችሁ ይችላል። ምን ላድርግ፣ እኔ በሠራሁበት ሁሉ እትዬ ብርቄ የምትባል ሴት ነበረች። በስድስት ዓመት ስለምትበልጠኝ ፊት ለፊቷ አንቱ እላት ነበር። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሷ እያልኩ ነው የምጽፋት። ይቺን ታህል ነጻነት እንኳ ልውሰድ።

እንደመጣሁ ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ውስጥ ሦስት ዓመት አንሶላ አጣጠፍኩ። ባሕሩ እዚያው አፍንጫዬ ሥር ሆኖ እግሬን የነከርኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም ጫማዬን ውሻ ይዞብኝ ሄደ። የዚያን ወሬ ሌላ ጊዜ። ወገቤ አልቻለም፣ ሥራ ስፈልግ አንዷ የማኅበራችን ሴት ኢንግልዉድ ወሰደችኝ። አውሮፕላን በጣሪያው ላይ የሚያልፍበት ሰፈር ነው። ሚስ ሊሊ የምትባል የፊሊፒን ሴት ስድስት የአእምሮ ሕመምተኞች የሚኖሩበት ቤት ነበራት። ቤተሰብ የሌላቸው ናቸው፣ ወይም ቤተሰብ ያልቻላቸው። ደመወዙ ትንሽ፣ ወረቀቱ ብዙ ነው፣ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ብርቄን እዚያ አገኘኋት። ደሴ ሆስፒታል ድሬሰር ነበረች፣ ቁስል አጥባለች፣ መርፌ ወግታለች። የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። እኔ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ሽንት ቤት አጥባለሁ፣ ሾርባ እሠራለሁ፣ እሷ ግን ቁልፍ አላት። ያ ቁልፍ ስትራመድ መስቀሏን እየመታ ቀጭ ቀጭ ይላል። ስንት ዓመት ሰማሁት! እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንዳንዴ ክሩ ቢበጠስ ብዬ አስቤያለሁ።

ክኒኖቹ በካርቶን ላይ ይመጣሉ። እያንዳንዱ ለብቻው የፕላስቲክ ጉድጓድ አለው፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከኋላ ይወጣል። ሌላው ሰው ቢሆን ክኒኑን በትንሽ ኩባያ፣ ውኃውን በትልቅ ኩባያ ይዞ አልጋቸው ድረስ ይሄዳል። ብርቄ አትሄድም። ጠዋት ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ወንበር አድርጋ ትቀመጥና አንድ በአንድ በስማቸው ትጠራለች። ሰውየው ወደ እሷ ሲመጣ ዝም ብላ ታያለች። እጁ ከእግሩ ጋር ይወዛወዛል ወይስ ጎኑ ላይ ተጣብቋል? እግሩን ያነሳል ወይስ ይጎትታል? የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ቆልፏል? ሲደርስ እጅህን ዘርጋ፣ ምላስህን አውጣ ትለዋለች። ከዚያ እንደ ሰላምታ አድርጋ ክንዱን ይዛ ክርኑን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ክኒኑን የምትሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እኔ ይሄን ሁሉ የምታደርገው ሰው ይይልኝ ብላ መስሎኝ ነበር።

«እትዬ ብርቄ፣ ክኒኑን ይዋጡ እንጂ፣ የወታደር ሰልፍ ነው እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን።

«አስካለ፣ ክኒኑ እንደሆነ አፍ የለው፣ አይነግረኝ። ሰውየው ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ የማየው ሰውየው ላይ ነው።»

«ሐኪሙ አለ አይደለም?»

«ሐኪሙ በወር አንዴ ይመጣል፣ አሥር ደቂቃ ይቀመጣል። እኛ ከእነሱ ጋር ነው የምንውለው።»

እንዲህ ስትል ሚስ ሊሊ አማርኛ ሳትሰማ እንኳ ራሷን በአዎንታ ትነቀንቃለች። እኔ ስናገር ማን ይነቀንቃል?

መድኃኒት መጥፎ ነው ስትል ግን አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም። ሚስተር ሬይ የሚባል ሽማግሌ ነበረን፣ የጎረቤት ውሻ ይሰድበኛል እያለ አጥር ላይ የሚጮህ። በክኒን ዳነ። አትክልት ያጠጣ ነበር፣ ለእህቱም የልደት ካርድ ይልክ ነበር። አንዷ ሠራተኛ «ይሄን ክኒን ብንተውለትስ፣ ወፈረ» ብትላት ብርቄ ተቆጣች። መቀነስም መጨመርም የሐኪም ነው፣ የእኛ ሥራ አይቶ መናገር ነው አለቻት። ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝ።

አሁን ስለ ራሴ እውቀት ልንገራችሁ፣ አለኝና። ደብረ ብርሃን አረቄ ሸጬ ነው ልጅ ያሳደግኩት። ማለዳ በር ሳልከፍት የሚቆሙ ደንበኞች ነበሩኝ። መለኪያውን በአንድ እጃቸው ማንሳት አይችሉም፣ ግማሹ ይደፋል። እኔው አፋቸው ድረስ አደርስላቸዋለሁ፣ አንዷን ሲጎነጩ እጃቸው ቀጥ ይላል። ባሌም መጨረሻው እንደዚያ ነበር። ሶ፣ በዚህ ዓለም ላይ ማንም ሳያስተምረኝ የማውቀው አንድ ነገር የጠጪ እጅ ነው። ብርቄ ደሴ ሆስፒታል አላት፣ እኔ ደግሞ እሱ አለኝ እል ነበር በልቤ።

ጋሼ ንጉሤ የመጡት ሥራ በጀመርኩ በአምስተኛው ዓመት ነው። ኤርፖርት ታክሲ ይነዱ የነበሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ድምፅ መስማት ጀመሩ። አንድ ቀን መኪናቸውን መንገድ መሐል አቁመው ከሌለ ሰው ጋር ሲከራከሩ ተገኙና ሆስፒታል ገቡ፣ ከዚያ ወደ እኛ። አብሯቸው የመጣው ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ተጽፎ ነበር። አንዱ የአእምሮ ሕመም ነው፣ ሁለተኛው የመጠጥ ሱስ። ሚስ ሊሊ አነበበችና ጠርሙስ እንዳይገባ ተጠንቀቁ አለችን።

የደብረ ብርሃን ሰው መሆናቸውን ስሰማ ደስ አለኝ። በቃ፣ እኚህ የእኔ ናቸው አልኩ። ሾርባቸውን ለብቻ ቅመም አደርግላቸዋለሁ፣ ካልሲያቸውን አጣጥፋለሁ። እሳቸው ግን ገና ዓይናቸውን ሲገልጡ «ብርቄ ገባች?» ይላሉ።

«አልገባችም፣ እኔ አለሁ፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ ስትገባ ንገሪያት» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ። አያናድድም?

ልጃቸው ሰላም ባልድዊን ሂልስ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር፣ እሑድ እሑድ ትመጣለች። አንድ እሑድ ብርቄን ኮሪደር ላይ ስታወራት ሰማሁ። «ባሌ ሰካራም ልጆቼ አጠገብ አይተኛም ብሏል። አባዬ እንደማይጠጣ ሐኪሙ ከጻፈልኝ ግን እወስደዋለሁ» አለቻት። ጋሼ ንጉሤ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መኖር አለመኖራቸው ወረቀቱ ላይ ባለችው በዚያች አንድ መስመር ላይ ነበር። እኔም ይሄን አውቅ ነበር። አላወቅኩም አልልም።

መድኃኒቱ መጀመሪያ ጠቀማቸው። ድምፁ ራቀላቸው፣ እንቅልፍ አገኙ። ሐኪሙ ጨመረላቸው። ከዚያ ነው ነገሩ የመጣው። መቀመጥ አቃታቸው። ቴሌቪዥን ፊት ቆመው እዚያው ባሉበት ይረግጣሉ። «አስካለ፣ እግሬ ውስጥ የሆነ ነገር ይሮጣል፣ ቁጭ ስል ያባርረኛል» ይሉኛል። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። አፋቸው ለሀጭ አዘለ፣ ንግግራቸው ተጎተተ። ያ የሚስቅ ፊታቸው እንደ እንጨት ደረቀ።

«ይጠጣሉ» አልኳት ብርቄን። «ደብቀው ነው።»

«አይጠጡም።»

«እኔ እኮ አረቄ ሸጬ ነው ልጅ ያሳደግኩት! ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ምን እንደሆነ ለእኔ ይነገራል?»

«ጠጪ ጠዋት ይንቀጠቀጣል፣ ሲቀምስ ይረጋል። የእሳቸው ግን ክኒኑ ከተጨመረ ወዲህ የመጣ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አይለቃቸውም። ክርናቸውን አጥፈሽ እዪው፣ እንደ ሰዓት ጥርስ ቆም ቆም ይላል። አስካለ፣ ሰውየውን ተመልከቺ እንጂ ደንበኞችሽን አታስታውሺ።»

ያቺ ቃል ቆረጠችኝ። በሕይወቴ የማውቃትን አንዲት ነገር ወሰደችብኝ። ብርቄ አዲስ ደብተር ገዝታ የጋሼ ንጉሤን ሰውነት በየሰዓቱ መጻፍ ስትጀምር እኔ ደግሞ ጠርሙስ መፈለግ ጀመርኩ። ፍራሹ ሥር አየሁ፣ ጫማቸው ውስጥ አየሁ፣ የሽንት ቤቱን ገንዳ ክዳን ሳይቀር አነሳሁ። ምንም የለም። ባለማግኘቴ ተናደድኩ። አስቡት እስቲ፣ ሰውየው ባለመጠጣታቸው ተናደድኩ።

በዚህ መሐል የብርቄ ልጅ ሲያትል ወለደች። ሴት ናት፣ ክርስትናዋ በሰማንያ ቀን ነው። ብርቄ ልታርሳት ስትሄድ ቁልፉን ለሚስ ሊሊ፣ ደብተሩን ለእኔ ሰጠች። ተመልከቱ፣ ቁልፉን ለእኔ አይደለም።

«ሐሙስ ሐኪሙ ይመጣል፣ ሰላምም ትገኛለች። አንቺ አንብቢላት፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትንገረው። ክኒኑ የተጨመረበትን ቀን ፊቱ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ከዚያ ጀምሪ። አደራ።»

«እሺ» አልኩ።

ሐሙስ ሐኪሙ እንደ ልማዱ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሰላም ገባች፣ ዙሪያውን አየችና የመጀመሪያ ቃሏ «እንዴ፣ እትዬ ብርቄ የሉም?» ሆነ። ፊቷ ጠቆረ። እኔ እዚያው ዓይኗ ሥር ቆሜያለሁ፣ ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ቦርሳዬም ትከሻዬ ላይ። ዚፑን ልከፍት እጄን ሰደድኩ። እጄ ዚፑ ላይ ቀረ። ይሄን ባነብ የብርቄ አፍ ነው የምሆነው አልኩ በልቤ። ሲያትል ተቀምጣ እንኳ እዚህ እሷው ልትናገር ነው። እኔስ? እኔ መቼ ነው ያወቅኩ የምባለው?

ሐኪሙ ጋሼ ንጉሤን አያቸውና ወደ እኔ ዞሮ፣ ሲጠጡ አይተሻል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰላም ልታስተረጉምልኝ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። ገብቶኝ ነበር። ባለችኝ እንግሊዝኛ ራሴው መለስኩ። «ዶክተር፣ ሞርኒንግ፣ ሃንድ ሼክ። አይ ኖው። ድሪንክ» አልኩት። መለኪያ እንደሚያነሳ ሰው እጄን እያንቀጠቀጥኩ አሳየሁት። አላየሁም አላልኩም። አይቻለሁም አላልኩም። ራሱን ነቀነቀልኝ። በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ለእኔ ራሱን ነቀነቀ፣ ደስ እንዳለኝ ልደብቃችሁ አልችልም።

ጋሼ ንጉሤ በዚያ በደረቀ ፊታቸው አዩኝና ቀስ ብለው «አስካለ፣ እኔ? መቼ?» አሉ።

ሰላም ቦርሳዋን አንስታ አባቷን ግንባራቸውን ስማ ወጣች። ሐኪሙ ጻፈ። የመጠጡ መስመር ባለችበት ጸናች። መቁነጥነጣቸውንም የሕመሙ ነው ብሎ ክኒኑን ጨመረ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት በዝርዝር መጻፍ አልወድም። ማንኪያ አፋቸው አይደርስም ነበር። ሾርባው ትን ይላቸዋል። ሽንት ቤት ደጃፍ ላይ እግራቸው መሬት ላይ እንደተሰፋ ቀርቶ በግንባራቸው ወደቁ፣ ሰባት ስፌት ተሰፉ። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስም መጀመሪያ የተጠየቅነው ወረቀቱን አይተው «ዛሬ ስንት ጠጡ?» የሚል ነው። ያቺ ቃል ከእሳቸው ፊት ፊት ትሄዳለች፣ ማንም ከእሷ በኋላ ሰውየውን አያይም። እኔ ደግሞ ሁለተኛ አትሜላቸዋለሁ። ደብተሩን ያን ጊዜ ማውጣት እችል ነበር። ነገ እላለሁ፣ ነገ ሲመጣ ለምን እስከ ዛሬ ብለው ይጠይቁኛል ብዬ እፈራለሁ።

ብርቄ ከክርስትናው በኋላ በሦስተኛው ቀን ገባች። ወንበሯን ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አደረገች። ጋሼ ንጉሤን ጠራች። ሲመጡ አየቻቸው። አፋቸው የሌለ ነገር ያኝክ ጀምሮ ነበር፣ ምላሳቸው ወጣ ገባ ይላል። ክርናቸውን አጠፈች፣ መልሳ አስቀመጠች። ክኒን አልሰጠችም፣ ለሚስ ሊሊ ሐኪሙን ዛሬውኑ ጥሪ አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«ደብተሩስ?»

ከቦርሳዬ አወጣሁ። ያው እንደሰጠችኝ ነው፣ ጥጉ እንኳ አልታጠፈም።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ሳበችልኝና «ቁጭ በይ። አንብቢልኝ» አለችኝ።

«እትዬ ብርቄ፣ እኔ...»

«አንብቢ፣ አስካለ። እኔ መነጽሬን ሲያትል ረስቻለሁ።»

መነጽሯ ራሷ ላይ ነበር። እኔም አነበብኩ። «ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ክኒን ዋጡ። አፍ አይሸትም፣ ዓይን ነጭ ነው። ሦስት ሰዓት፣ እግር መቀመጥ እምቢ አለ። አምስት ሰዓት፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንጀራ መቁረስ አልቻሉም። አፍ አይሸትም።» በየገጹ እንዲሁ ነው። አፍ አይሸትም፣ አፍ አይሸትም። እየተደናቀፍኩ፣ ፊደል እየቆጠርኩ፣ እስከ መጨረሻው አስነበበችኝ። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እንባዬን በሽርጤ ጠረግኩ። እሷም «በይ፣ ሐኪሙ ሲመጣም አንቺው ነሽ የምታነቢው» አለችኝ። ይቺ ሴት እንዲህ ናት። ቅጣቷም እንኳ ከሰው ቅጣት ይሻላል፣ እሱንም እቀናባታለሁ።

ሐኪሙ መጣ። እኔ አነበብኩ፣ ሰላም በስልክ በእንግሊዝኛ ነገረችው። መጀመሪያ ሰዓቱን ያይ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ተነስቶ የጋሼ ንጉሤን ክንድ ያዘና ክርናቸውን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ደግሞ አጠፈ። ከዚያ ከመድኃኒቱ ነው አለ። ቀስ በቀስ ቀነሰው፣ በኋላም በሌላ ለወጠው። በአራት ወር ውስጥ እግራቸው ተነሳ፣ እጃቸው ረጋ፣ ድምፁም ተመልሶ አልመጣባቸውም። አፋቸው ብቻ ማኘኩን አልተወም። አንዳንዴ ሐኪሙ ቶሎ ካልደረሰበት እንደዚህ ሆኖ ይቀራል አሉን። እኔ ነኝ ያዘገየሁት።

የመጠጡን መስመርስ? ብርቄ ይጥፋ ብላ ጠየቀች። የድሮ ታሪክ ነው፣ አይጠፋም ተባለች። የሰላም ባልም ከዚያ ሐሙስ በኋላ ነገሩ እንዳይነሳበት ብሏል። ጋሼ ንጉሤ እኛ ጋ ስድስት ዓመት ኖረው እኛው ጋ አረፉ። ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። «እኔም አንዳንዴ የጠጣሁ መስሎኝ ነበር» ብለው ሳቁብኝ፣ አፋቸው እያኘከ።

ብርቄ ጡረታ ወጥታ ሲያትል ገባች። ቁልፉ ለእኔ ደረሰ። በኋላ ባልድዊን ሂልስ በሠራሁበት ቤትም ለእያንዳንዱ ሰው ደብተር ያዝኩ፣ ወንበሬን ኮሪደር መጨረሻ ላይ አደረግኩ። ሁሉም ምን ይለዋል መሰላችሁ? የብርቄ ዘዴ። አሥራ ሁለት ዓመት ያስቀመጥኩት ወንበር የብርቄ ወንበር!

ዘንድሮ ጉልበቴ ይብቃሽ ሲለኝ ወጣሁ። ባለፈው ወር ፌርፋክስ ላይ በርበሬ ስገዛ ሰላምን አገኘኋትና ቤትሽ ላድርስሽ ብላ መኪናዋ ውስጥ አስገባችኝ። ከባሏ ጋር ተፋትታለች፣ ልጆቿ ኮሌጅ ገብተዋል። ትራፊክ ያዘን። ስለ አባቷ አወራን። እኔም ስለዚያ ሐሙስ ደግሜ ይቅርታ ስላት፣ መሪውን ይዛ ወደ ፊት እያየች ሬዲዮኑን አጠፋች።

«እማማ አስካለ፣ መጀመሪያ ይጠጣል ያልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ድንገተኛ ክፍል አባትሽ ምን ሆነ ሲሉኝ፣ አብሮን የመጣ የአገር ሰው አጠገቤ ቆሞ ነበር። ድምፅ ይሰማል ብል ነገ ፌርፋክስ ሙሉ የንጉሤ ልጅ አባቷ አበደ ይላል። ጠጥቶ ነው፣ ሁልጊዜ ይጠጣል አልኳቸው። አባዬ በሕይወቱ ጠጥቶ አያውቅም። ለባሌም ያንኑ ነገርኩት፣ በኋላ መመለስ አቃተኝ።»

መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ምን መሰላችሁ? «ለብርቄ ነግረሻታል?»

«ለማንም። ያን ቀን ኩሽናው ውስጥ አንቺ አላየሁም ብትዪ ሐኪሙ ይጽፍልኝ ነበር፣ ያ ይበቃኝ ነበር። ባሌን ለምኜ እሺ አሰኝቼው ነበር የመጣሁት። እኔና አባዬ እስክንወጣ ውጭ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቀን ነበር።»